የውርስ መሰናዶ

«የእስቴት ዕቅድ» የሚል ሐረግ ከሥልጠና ወረቀትና ከማስታወቂያ ወጥቶ ወደ ቤተሰብ ወሬ እየገባ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ልጆችም ወላጆቻቸውን በስልክ «እስቴት ፕላኒንግ ብታደርጉ ጥሩ ነው» ይሏቸዋል። ሰሜን ወሎ፣ ሙጃ ያለች እናት ይህን ስትሰማ ምን ትረዳለች? በአገራችን «እስቴት» የሚታወቀው በሪል እስቴት ነውና፣ ልጄ ፎቅ ሊያስገነባ ነው ብላ ደስ ሊላት ይችላል። የተወራው ግን ስለ ራሷ ቤት ነው። እርሻው፣ ባሕር ዛፉ፣ በጎቹ ወደ ማን ይሻገራሉ? እስከዚያስ በማን እጅ ይቆያሉ? ይህን ለመናገር ቃል መዋስ ያሳዝነኛል፤ አማርኛ በውርስ ጉዳይ የቃል ድኻ ሆኖ አያውቅም።

አማራጮቹን እንያቸው። አንዳንዶች «የንብረት ዕቅድ» ይላሉ። ንብረት ከ«ነበረ» የወጣ ነው፤ በግዕዝ መቀመጥን፣ መኖርን፣ አኗኗርን ይናገራል። ግሩም ቃል ነው፤ ሆኖም የዛሬ ሰው «የንብረት ዕቅድ» ሲባል የሚገባው ሀብት የማፍራት ሐሳብ ነው እንጂ የማስተላለፍ አይደለም። ሌሎች «የርስት ዕቅድ» ብለዋል። ከ«ወለደ» ልደት እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ወረሰ» ርስት ይወጣልና ሥሩ ልክ ነው። ችግሩ ታሪኩ ላይ ነው። በላስታም ሆነ በሌላው የሰሜን ደጋ፣ ርስት በእናትም በአባትም የዘር ሐረግ እየተቆጠረ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚጠየቅ መብት ነበር። አንድ ሰው ብቻውን እንዳሻው የሚያድለው አልነበረም፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ስለዚህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አስቀርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ዛሬ የሚወረሰው የይዞታ መብቱ ነው። «የርስት ዕቅድ» ብንል፣ የቀረውን እንዳለ አድርገን ሰው እናሳስታለን።

ከሁሉ የሚከብደኝ «ኑዛዜ»ን ማለፍ ነው። በግዕዝ «ናዘዘ» ማለት አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ነው። ለንስሐ አባት ኃጢአትን መንገርም፣ ስለ ንብረት የመጨረሻ ቃል መስጠትም በዚሁ ቃል ይጠራሉ፤ በየቤቱም ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን፣ በአንድ አልጋ አጠገብ ይፈጸሙ ነበር። ፍትሐ ነገሥትም ለኑዛዜ ቦታ ሰጥቶታል። ግን አልጋው ቃሉን አልለቀቀውም። አንድ አባት በደህናው ቀን «ልናዘዝ ነው» ቢሉ ልጆቻቸው «ምነው አባዬ፣ አያሟርቱብን እንጂ» ብለው ነገሩን ያስተዉአቸዋል። በዚህ ሰበብ ሁሉም ነገር ለአልጋው ሰዓት ይቆያል።

የአልጋው ሰዓት ቃል ደግሞ በሕግ ብዙ አቅም የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁለት ምስክሮች የሚነገር የቃል ኑዛዜን ቢፈቅድም፣ የሚያገለግለው ስለ ቀብር ለማዘዝ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት ለመሰየምና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ያልበለጡ ስጦታዎችን ለመስጠት ነው። ዛሬ በ500 ብር በግ አይገዛም። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይወድቃል። በግልጽ የሚደረገው የጽሑፍ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሰው ራሱ በእጁ የጻፈው ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

ታዲያ እኔ «የውርስ መሰናዶ» እላለሁ። «ዕቅድ»ን ያልመረጥኩት የመሥሪያ ቤት ጠረን ስላለው ነው፤ የሩብ ዓመት ዕቅድ፣ የዕቅድ ክንውን እያልን አድክመነዋል። መሰናዶ የቤት ቃል ነው። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለዐውደ ዓመት የምንሰናዳው በየጊዜው እንደ አዲስ ነው፤ ውርስም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሕጉ ራሱ ይህን ያውቃል። ኑዛዜ ከተጻፈ በኋላ ልጅ ተወልዶ ውርሱን ከተቀበለ፣ ፍርድ ቤት ካላጸናቸው በስተቀር በኑዛዜው የተሰጡ ስጦታዎች ይወድቃሉ። ባልና ሚስት ከተፋቱም አንዱ ለሌላው የተናዘዘው ይቀራል። ስለዚህ ጎጆ ሲወጣ የተጻፈ ወረቀት ልጅ ሲወለድ መታየት አለበት፤ ልጆቹ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ሲሄዱና አንዷ ወላጆቿን ልትጦር ስትቀር ደግሞ እንደገና። ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ለልጆች ሁሉ እኩል ያካፍላል። የጦረችውን ለይቶ አያይም።

መሰናዶው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሣጥን ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አለ። ከባልየው ሞት በኋላ «መሬቱ የአባታችን ነው» የሚል ልጅ ያንን ገጽ ቢያይ ይበጀዋል፤ ይዞታው የእናቱም ነውና። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፦ ቤቱ፣ ከብቱና የባንክ ገንዘቡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲተላለፉ፣ የእርሻ ይዞታው ግን የራሱ ሕግ አለው፤ በአማራ ክልል የ2009ኙ አዋጅ ቁጥር 252። ሁለቱን በአንድ ወረቀት አደባልቆ የጻፈ ሰው ልጆቹን ለክርክር ይዳርጋል።

«መሰናዶ» የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ስም አልነበረም ወይ የሚሉኝ አሉ። ነበር፤ ነገር ግን «የሠርግ መሰናዶ» ሲባል ተማሪ ቤት ትዝ ያለው ሰው አላውቅም። ደግሞም ግሡ አብሮት አለ፦ ውርሷን አሰናዳች፣ ውርሱ አልተሰናዳም፣ ሳያሰናዱ ሞቱ። «እስቴት ፕላኒንግ»ን እስኪ በዚህ ዓይነት አርቡልኝ።