ያረጀ ፈረስ በአይሱዙ ልትጭኑ ነው? ገመዱን አታሳጥሩት

ቤተሰቦች፣ ፈረስ በመኪና ስለማጓጓዝ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። ዛሬ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ስላለፈ ፈረሶች እናውራ።

ሁሉም የሚፈራው መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ልክ ነው፣ ግን ሳይታወቅ የሚጎዳው ሌላ ነገር አለ፦ አንገቱ ቀና ተደርጎ በአጭር ገመድ ስፖንዳው ላይ መታሰሩ። ፈረስ ከሳምባው አቧራና አክታ የሚያስወጣው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነው። ሜዳ ላይ አጎንብሶ ሲግጥ ይሄ በራሱ ይሠራል። ለሰዓታት ቀና ብሎ ሲቆም ግን ቆሻሻው እዛው ይቀራል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ከዚያ የሳምባ ምች ይከተላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከደረሰ በኋላ ባሉት ቀናት ስለሚታይ ሰው "ብርድ መታው" ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ገመዱ አፉ ከደረቱ በታች እስኪወርድ ይርዘም፣ እግሩ ግን አይግባበት። ቋጠሮው አንዴ ሲሳብ የሚፈታ ይሁን። ረዳቱ "ይናከሳል፣ አሳጥረው" ሊላችሁ ይችላል። እሺ አትበሉት፤ ከሌሎቹ ለይታችሁ እሰሩት።

ያረጀ ጉልበት ዝላይ አይችልም። መኪናውን ከወለሉ እኩል ወደሆነ የአፈር ቁልል አስጠግታችሁ ጫኑ፣ ሲወርድም እንደዚያው። ወለሉ ላይ አሸዋና ጭድ ይነስነስ። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ፈረሱ ላለመውደቅ በ4 እግሩ ስለሚታገል ቀስ ይበል።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ እረፍት ይበቃል። ከዚያ አልፎ ወደ አዋሽ ከሆነ በየ3 ሰዓቱ ቁሙ፣ ውሃ ስጡት፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ አንገቱን እስከ መሬት ያውርድ። ቆላ የሚወርድ ከሆነ ሌሊት ተነሱ፤ ያረጀ ፈረስ ሙቀት ቶሎ ይጥለዋል።

ጥርሱ ስላለቀ ደረቅ ድርቆሽ በደንብ አያኝክም። ውሃ ሳይጠጣ ከዋጠው ሆዱን ያደርቀዋል፣ ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም። በውሃ የራሰ ፉርሽካ ይሻለዋል።

ከደረሰ በኋላ 3 ቀን ጠዋትና ማታ ሙቀቱን በፊንጢጣ ለኩ። ከ38.5 ዲግሪ ካለፈ፣ ካሳለ ወይም መኖ ከተወ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ የሰው መድኃኒት ገዝታችሁ አትስጡት። ከመነሻውም የሚያነክስ ወይም የሚያስል ከሆነ አትጫኑት።