የማይታየው ጀርባ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ቴክኒካል ድሮዊንግ የሚባል ኮርስ ነበረብን። የአንድ ዕቃ የፊት፣ የላይና የጎን መልክ በሦስት ሥዕል ይሰጠናል፤ የኛ ሥራ ሦስቱን አገጣጥሞ ሙሉውን ዕቃ መሳል ነው። ጓደኞቼ ወዲያው ይታያቸዋል። ለኔ ግን መስመር ብቻ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ወረቀቴን አንስቶ «ይሄ እኮ ጎድጓዳ ነው፤ አንተ ጉብታ አድርገህ ሳልከው» አለኝ። አፍጥጬ አየሁት። ያው መስመር ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የልብስ ሳሙናና ቢላ ይዞ መጣ። የሳሙናውን አንድ ጥግ በደረጃ መልክ ቆርጦ አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አገላበጥኩት። ያኔ ታየኝ።

ከዓመታት በኋላ፣ ኮምፒውተርን ማየት ለማስተማር የተደረገውን ጥረት ታሪክ ሳነብ፣ እኔ ያፈርኩበት ነገር ትልልቅ ቤተ ሙከራዎችን ሲያስጨንቅ እንደኖረ ገባኝ።

ታሪኩን ብዙዎች ከላሪ ሮበርትስ ይጀምሩታል። ሮበርትስ በኋላ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነውን አርፓኔትን ከመሩት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግን ገና የኤምአይቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ የጥናቱም ርዕስ ማሽን ባለ ሦስት ገጽታ ጠጣር አካላትን እንዴት ሊለይ እንደሚችል የሚል ነበር። ቲኤክስ-2 ለሚባል፣ ክፍል ለሚሞላ ኮምፒውተር የብሎኮች ፎቶ ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ከፎቶው መስመሮችን ያወጣል፤ ከዚያ መስመሮቹን አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ሦስት ቅርጾች ጋር ያመሳክራል፦ ኪዩብ፣ ሽብልቅ እና ባለ ስድስት ጎን ምሰሶ። እነዚህን እየለጠጠ፣ እያዞረ፣ እያጋጠመ ፎቶው ላይ ያለውን ነገር ይሠራል። በመጨረሻም ያንኑ ነገር ከሌላ አቅጣጫ አድርጎ ይስለዋል።

እስቲ አስቡት። ፎቶው የብሎኩን ጀርባ አላሳየም። ኮምፒውተሩ ግን ጀርባውን ሳለ! አስማት የለውም፤ ኪዩብ ጀርባ እንዳለው ቀድሞ ተነግሮታል። የሮበርትስ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማየት የሚባለው ፊት ለፊት ያለውን መቀበል ብቻ ሳይሆን፣ ያልታየውንም መሙላት ነው። ችግሩ ዓለም በኪዩብ አለመሠራቷ ነው። ድንች ብትሰጡት ምን ሊል ነው?

ያኔ ተስፋው ትልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 እዚያው ኤምአይቲ ሲይሞር ፓፐርት ለተማሪዎች የክረምት ሥራ አቀደ፤ በአንድ ክረምት የኮምፒውተር እይታን ጉልህ ክፍል ለመሥራት። ክረምቱ አለቀ። ሥራው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

እዚህ ላይ የኔ ተወዳጅ ሰው ይመጣል፤ ብሩስ ባውምጋርት፣ በስታንፎርድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ። የባውምጋርት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ አንድን ጠጣር ነገር ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት አድርገን እናስቀምጠው? መስመሮቹን ብቻ መዝግበን ብንተወው አይበቃም። የሽቦ አጥር ይመስላል እንጂ የቱ ጎን ሙሉ፣ የቱ ክፍት እንደሆነ አይናገርም። የኔ ወረቀት ላይ የነበረው ችግር ራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 መልስ አቀረበ፤ «ባለ ክንፍ ጠርዝ» ልንለው እንችላለን። የክብሪት ቀፎ ካላችሁ አንሡ። አንዱን ጠርዝ በጣታችሁ ያዙ። ጠርዙ ሁለት ጫፍ አለው። በግራና በቀኙ ሁለት ገጾች አሉ። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ገጾቹን ተከትለው የሚቀጥሉ ሁለት ሁለት ጠርዞች አሉ፤ አራቱ ክንፎች እነዚህ ናቸው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ጠርዝ እነዚህን ስምንት ነገሮች ከመዘገበ፣ ከአንድ ጠርዝ ተነሥቶ መላውን አካል እየዞረ ማዳረስ ይችላል። መንገድ አይጠፋበትም፤ ውስጥና ውጭም አይምታታበትም።

ማረሚያም ነበረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦይለር እንዳሳየው፣ እንዲህ ባለ ቀዳዳ በሌለው አካል ላይ ከጫፎች ቁጥር የጠርዞችን ቀንሰን የገጾችን ብንደምር ሁልጊዜ 2 ይመጣል። ለክብሪት ቀፎ 8 ሲቀነስ 12 ሲደመር 6። መምህሬ ጥጉን ቆርጦ ያወጣለትን ሳሙና በኋላ ቆጠርኩት፦ 14 ጫፍ፣ 21 ጠርዝ፣ 9 ገጽ። ያው 2! ባውምጋርት ቅርጽ የሚለውጡትን ትእዛዞች ይህን ሕግ እንዲጠብቁ አድርጎ ሠራቸው። ስለዚህ ብትቆርጡም ብትቀጥሉም አካሉ አካል ሆኖ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ግን የተሠራው ለማየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ስለ ጂኦሜትሪ ሞዴልና ስለ ኮምፒውተር እይታ ነው። አሻንጉሊት በሚዞር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የቴሌቪዥን ካሜራ ከየአቅጣጫው የዙሪያ መስመሩን፣ ማለትም ጥላውን፣ ይወስዳል። ኮምፒውተሩም እንደ ሳሙና ይቀርጻል፤ ከዚህ አቅጣጫ ከጥላው ውጭ የሆነውን ቆርጦ ይጥላል፣ ከዚያም አቅጣጫ እንዲሁ። የተረፈው አሻንጉሊቱን ይመስላል። ዛሬም ዘዴው በሥራ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አያይም፤ የሲኒን ሆድ። ሲኒን ከጎንም ከላይም ብታዩት ጥላው ሙሉ ነው፤ ባዶነቱን አይናገርም። በጥላ የሚያይ ማሽን ሲኒን ድፍን አድርጎ ነው የሚቀርጸው። ጎድጓዳውን ጉብታ ያደረግኩት እኔ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ታጠፈ። የጠጣር ሞዴልን ፋብሪካዎች ፈለጉት። በካምብሪጅ ኢያን ብሬይድ፣ በሮቼስተር ኸርበርት ቮልከርና አሪስቲደስ ረኪቻ፣ ማሽን የሚቆርጣቸውን ክፍሎች በኮምፒውተር ለመግለጽ ሲሠሩ ነበር። እነ ቮልከር አካልን በመደመርና በመቀነስ ይገነቡታል፤ ከብሎክ ላይ ሲሊንደር ቀንስ፣ ቀዳዳ ይሆናል። ዛሬ የስልካችሁ ሽፋንም ሆነ የመኪና ሞተር መጀመሪያ የሚቀረጸው በነዚህ ሐሳቦች ልጆች ነው። የባውምጋርት ጠርዝ ዘሮችም በስሪ-ዲ ሶፍትዌር ውስጥ ሞልተዋል። ለሮቦት ዓይን የተጀመረው ነገር የመሐንዲስ እጅ ሆነ።

ዓይኑስ? ፋብሪካ የሚሠራውን ዕቃ ከመሥራቱ በፊት ያውቀዋል። ሮቦት ግን የማያውቀው ክፍል ውስጥ ነው የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ1979 የሃንስ ሞራቬክ የስታንፎርድ ጋሪ ወንበር የተሞላ ክፍል ያለ ሰው እርዳታ አቋረጠ፤ አምስት ሰዓት ያህል ፈጀበት። ወንበሩን እንደ ወንበር አላወቀውም። ነጥቦችን ተከትሎ ከነሱ መራቅን ብቻ ነው የቻለው። ለብዙ ዓመታት መንገዱ ይኸው ሆነ፤ ጠጣሩን መተው፣ ነጥብና ምስል መያዝ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኪኔክት ገበያ ላይ ሲወጣና በዓመቱ ካሜራውን በእጅ እያዞሩ የክፍልን ገጽታ ወዲያው መገንባት ሲቻል፣ አካሉ ተመለሰ ተባለ። ዛሬ ከጥቂት ፎቶዎች እጅግ የሚያምር ስሪ-ዲ ምስል የሚያወጡ ሲስተሞች አሉ።

ያማረ ምስልና የሚጨበጥ አካል ግን ይለያያሉ። ሲኒ የሚያነሣ ክንድ ሲኒው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ካሜራው ያላየው ጀርባ ምን እንደሚመስል፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን ማወቅ አለበት። አለበለዚያ ይሰብረዋል፤ ወይ ቡናውን ይደፋዋል። ሮበርትስ በሦስት ቅርጽ የጀመረው ጥያቄ ይኸው ነው።

መምህሬ «ደህና አድርገህ እይ» አላለኝም። ቢለኝም አይጠቅመኝም ነበር። ጀርባውን በጣቴ እንድነካው ሰጠኝ፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ላይ ጎድጓዳውን ማጣት አልቻልኩም። ሳሙናውን ዶርም ይዤው ገባሁ። ቅዳሜ ልብስ ታጠበበት።