«የመጨረሻ ስንት?»

አንድ ሰው ያገለገለ ስፒከር ወይም ቴፕ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጥፍ መጀመሪያ የሚደርሰው መልእክት «የመጨረሻ ስንት?» የሚል ነው። ሰላምታ የለም፣ ይሠራል ወይ የሚል የለም። ሻጩም ቢሆን ዋጋ አልጻፈም፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሏል። ሁለቱም ተደብቀው ነው የሚጀምሩት።

ከአርዲቦ ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ባቲ ላይ ሰኞ ሰኞ የሚቆመው ገበያ እንዲህ አይደለም። ገዢው ሦስት ቦታ ዋጋ ያጠናል፣ ዕቃውን ያገላብጣል፣ ያጣጥላል፣ ጥሎ ይሄዳል። ከኋላው «ና እሺ፣ ተመለስ!» ሲባል የመጨረሻው ዋጋ ስንት እንደሆነ ያኔ ያውቃል። ጥሎ መሄድ ራሱ አንድ የድርድር ቃል ነው። ቴሌግራም ላይ ግን ጥሎ ለሄደ ሰው ተመለስ የሚል የለም፤ «ሲን» ተደርጎ ይቀራል።

የድምፅ ዕቃ ድርድር ከሌላው የሚለየው በእውቀት ነው። የበሬን ዋጋ ሻጭም ገዢም ያውቁታል። የሸክላን ግን?

አገር ፍቅር ቴአትር ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ነበረው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ውጭ አገር አሳትሞ አወጣ። ከዚያ እስከ 1978 ገደማ ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽ ሸክላዎችና 30 ያህል ትልልቆች ታተሙ። ቀጥሎ ካሴት መጣ። የማጫወቻው መርፌ ሲሰበር የሚተካው ጠፋ፣ ሸክላውም ከሣጥን ሥር ገባ። ቆራሌው በሰፈር ሲያልፍ ስንቱን እንደወሰደው ማን ቆጥሮት? በዚያን ቀን ያ ዋጋ ተገቢ ነበር፤ ማንም ማንንም አላታለለም።

ነገሩ የተጣመመው በኋላ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አልበም ፓሪስ ላይ ማውጣት ጀመረ፤ በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ተሰማ። የውጭ ሰብሳቢዎች ዋናውን ሸክላ መፈለግ ያዙ። ዲስኮግስ የተባለው ድረ ገጽ አንድ ሸክላ ከዚህ በፊት በዝቅተኛው፣ በመካከለኛውና በከፍተኛው ስንት እንደተሸጠ ያሳያል። ይህን የሚያይ ገዢ ሣጥኗን ከፍታ ከምታሳየው እናት ጋር ሲከራከር ድርድሩ ድርድር ነው? ለእኔ አይደለም። እሷ የምትቀንሰው ከማታውቀው ዋጋ ላይ ነው።

ካሴትም ተራው ደርሶታል። የኃይሉ መርጊያን የ1985 ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አገኘው። ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ነበር። ሰውየው ፈልጎ አገኘው፣ ተስማሙ፣ ሥራው በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ዕቃውን ከገዛ በኋላ ባለሙያውን የፈለገ ገዢ ብርቅ ነው።

ወደ ስፒከሩ እንመለስ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በፊት የተገዛ ሞንታርቦ ሁሉ «ዶላር ጨምሯል» ተብሎ ይሸጣል! ገዢውም የዋዛ አይደለም፤ ፎቶው ላይ አንድ ጭረት ፈልጎ ግማሹን ይጠራል። መሃል ላይ ደላላ ይገባል፣ «ቀብድ ላክ» ይባላል፣ በቴሌብር ይላካል፣ አንዳንዴም አካውንቱ ይጠፋል።

አስቡት፤ ሻጩ ሐይቅ ከተማ፣ ገዢው አዲስ አበባ። ዕቃው በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፤ ነካክቶ ማየት አይቻልም። ጥሩ ገዢ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ወንድሜ፣ ካሴት ከትተህ ቪዲዮ ቅረጽልኝ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ክፈተው።» ሻጩ እቤት ያገኘውን ካሴት ይከታል፤ የማሪቱ ለገሰ አምባሰል ነው፣ ቅኝቱ ስሙን ያገኘበት ተራራ ደግሞ እዚያው ከሐይቅ በላይ ነው። የግራው ስፒከር ትንሽ ይንኮሻኮሻል። ገዢው ሰምቶ ሲያበቃ ይጽፋል፦ «ግራው ችግር አለበት። ስንት ትቀንስልኛለህ?»