ከመስታወቱ ጀርባ

ዲዬጎ ማራዶና በእንግሊዝ ላይ ሁለት ጎል ያገባበት ማሊያ ሜይ 2022 በሶዝቢ ጨረታ ከ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። (የዛሬዎቹ ዓመቶቻችን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የዓለም ዋንጫም የሚቆጠረው በእሱ ነው።) በዚህ ገንዘብ ስንት ፎቅ እንደሚቆም ማስላቱን ለእናንተ ትተን እኛ ስለ ጨርቁ እናውራ።

ጨርቁ ተራ ነበር። በ1986ቱ የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አርጀንቲና ለሩብ ፍጻሜው ሰማያዊ ተለዋጭ ማሊያ ያስፈልጋት ነበር። የያዘችው ለሜክሲኮ ሲቲ የቀትር ሙቀት ከባድ ሆነና የቡድኑ ሰዎች እዚያው ከተማው ውስጥ ካለ ሱቅ ቀለል ያለ ማሊያ ገዝተው መጡ። በጥድፊያ አርማ ተሰፋበት፣ የአሜሪካን ፉትቦል የሚመስል ብርማ ቁጥር ተለጠፈበት፣ ጁን 22 ቀን ሜዳ ገባ። በ51ኛው ደቂቃ በእጅ የገባችው ጎል፣ በ55ኛው ደግሞ ግማሽ ሜዳ ተነድታ የገባችው ጎል ተቆጠሩበት። ከፊሽካው በኋላ የእንግሊዙ አማካይ ስቲቭ ሆጅ ከማራዶና ጋር ማሊያ ተለዋወጠ። ለመጀመሪያዋ ጎል ኳሷን በስህተት ወደ ማራዶና ያነሳት ይኸው ሆጅ ነበር። ለጥፋቱ የተሸለመ ብቸኛው አማካይ ሳይሆን አይቀርም!

ሆጅ ማሊያውን አልሸጠም፣ አልጣለም፤ አቆየው። ኋላም በእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም በውሰት ለ20 ዓመት ያህል በመስታወት ውስጥ ታየ። የጨረታው ወሬ ሲሰማ ግን የማራዶና ልጅ ዳልማ «ይሄ የመጀመሪያው አጋማሽ ማሊያ ነው፤ ጎሎቹ የገቡበት አይደለም» ስትል ተቃወመች። አጫራቹ የመለሰው በፎቶ ነው። የዕለቱን ፎቶዎች ከማሊያው ጋር አመሳከረ፤ የአርማውን አቀማመጥ፣ የሸንተረሮቹንና የቁጥሮቹን ዝርዝር እያስተያየ የሁለተኛው አጋማሽ ማሊያ መሆኑን አስታወቀ። ያ የጥድፊያ ስፌት እንደ ጣት አሻራ ጠቀመ ማለት ነው። መስታወቱ ማሊያውን ጠበቀው እንጂ ማንነቱን አልመሰከረለትም።

ስለ ሳጥኑም ትንሽ እንበል። እኛ ፍሬም ቤት የምናውቀው ሥራ መስታወቱ ፎቶው ላይ የሚያርፍበትን ነው። ማሊያ፣ ጓንት፣ ሜዳሊያ ግን ውፍረት ስላላቸው ፍሬሙ እንደ ሳጥን ጠለቅ ብሎ ይሠራል። ጎበዝ ባለሙያ እርጥበት ታፍኖ እንዳይሻግት መስታወቱን ከጨርቁ ያርቃል። ማስቲሽ አያስነካም፤ ከኋላ ባለው ሰሌዳ ላይ በስስ ክር ቦታ ቦታ እየያዘ ይሰፋዋል፤ አንድ ቀን ክሩ ተቆርጦ ማሊያው እንደነበረ መውጣት አለበትና። ሰሌዳውም አሲድ የሌለበት መሆን አለበት፤ ተራ ካርቶን ከዓመታት በኋላ የነካውን ጨርቅ ቢጫ ያደርገዋል። ፀሐይ ደግሞ ፊርማ ትበላለች። እንግዲህ ገዢው የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው፤ ዕድሜው የሚወሰነው ግን በጀርባው ነው።

ይህን ሌቦች ከእኛ በፊት አውቀውታል። የጁል ሪሜ ዋንጫ ማርች 1966 ለንደን ውስጥ ለእይታ ከቀረበበት ሳጥን የተሰረቀው ከጀርባ ያለው ቁልፍ ተነቅሎ ነው። ያኔስ ፒክልስ የተባለ ውሻ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኘው። ብራዚል በ1970 ለሦስተኛ ጊዜ አሸንፋ ዋንጫውን ለዘለቄታው ስትወስድ ሪዮ ዴ ጄኔሮ በሚገኘው የፌዴሬሽኑ ሕንፃ አኖረችው፤ የሳጥኑ ፊት ጥይት የማይበሳው መስታወት፣ ጀርባው እንጨት። ዲሴምበር 1983 ሌቦቹ እንጨቱን ፈልቅቀው ወሰዱት። ሁለተኛ ውሻ አልተገኘም።

ወደ እኛ ስንመጣ ትልቁ ድላችን ለሳጥን አይመችም። አበበ ቢቂላ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲገባ ጫማ አላደረገም። ሌላው ዓለም የጀግናውን ጫማ በመስታወት ያስቀምጣል፤ እኛ ምን እናስቀምጥ፣ አስፋልቱን? ያም ሆኖ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ነበረች። የሩጫ ታሪካችን በእንዲህ ያለ ርካሽ ነገር የተሞላ ነው፦ ቁጥር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ካናቴራ። የሜክሲኮውም ማሊያ እኮ ከሱቅ ሲገዛ ከዚህ አይሻልም ነበር፤ ልዩነቱ አንድ ሰው አጣጥፎ ማስቀመጡ ነው።

ኖቬምበር 2001 በተካሄደው የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ 10,000 ሰው ተመዝግቦ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ አሸንፏል። የዚያን ቀን ካናቴራዎች ስንቱ የቤት መወልወያ ሆኖ አለቀ? ከቁም ሳጥናችሁ ታች አንዱ ከተረፈ ወደ ፍሬም ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ወረቀት አንሱ። ማን ለበሰው፣ በየትኛው ዓመት ሮጠበት፣ ማን አቆየው፣ ይሄን ጻፉ፤ የዕለቱ ፎቶ ካለም ግልባጩን ጨምሩበትና ከሳጥኑ ጀርባ ለጥፉት። እዚህ ላይ ማስቲሽ ይፈቀዳል፤ ከሳጥኑ ውጭ ነው።