ዜና ጆን ፒተር አልትጌልድ፣ የኢሊኖይ አገረ ገዥ

ይህ ሰው የተወለደው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1847፣ በጀርመን አገር በናሳው ነው። ገና የጥቂት ወር ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ባሕር ተሻግረው በኦሃዮ በእርሻ ተቀመጡ። በ16 ዓመቱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ ጦር ጋር ዘመተ። ከዘመቻው በኋላ መምህር፣ ቀጥሎም ጠበቃ ሆነ፤ በሚዙሪም ዐቃቤ ሕግ ተብሎ ተመረጠ። በ1875 ቺካጎ ገብቶ በመሬትና በሕንፃ ንግድ ከበረ።

በሜይ 4 ቀን 1886 በቺካጎ በሃይማርኬት አደባባይ የቀን ሥራ 8 ሰዓት ይሁን የሚሉ ሠራተኞች ተሰብስበው ሳሉ ቦምብ ተወረወረ፤ 7 ፖሊሶችም ሞቱ። የወረወረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። 8 ሰዎች ተይዘው በዳኛ ጆሴፍ ጋሪ ፊት ቀረቡ፤ 4ቱ ተሰቀሉ፣ አንዱ በስቅላቱ ዋዜማ ራሱን ገደለ፣ 3ቱ በወኅኒ ቀሩ።

አልትጌልድም በ1893 አገረ ገዥ ሆነ። ብዙዎች ስለ ሦስቱ እስረኞች ቅጣቱ ይበቃቸዋል፣ ማራቸው እያሉ ለመኑት። እርሱ ግን መዝገቡን አስመጥቶ መረመረ። ጥፋተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም ብለው የሚፈርዱት ጁሪዎች በዕጣ አልወጡም፤ አንድ ልዩ መልእክተኛ እየመረጠ አምጥቷቸዋል። አስቀድመን አስተያየት ይዘናል ያሉትንም ጋሪ አልመለሳቸውም። አልትጌልድ ጥፋታቸው በሕግ ተረጋግጦ ቢሆን ጣልቃ አልገባም፣ ፍርዱ ጠማማ ከሆነ ግን ይለቀቁ አለ። በጁን 26 ቀንም ምክንያቱን በረጅም ጽሑፍ ዘርዝሮ ሦስቱን ፈታቸው። ምሕረት ብቻ አድርጎ ዝም ቢል ኖሮ ብዙዎች ባመሰገኑት ነበር። ጋሪን በስሙ እየጠራ መዝለፉ ግን የበዛ ይመስለኛል፤ መዝገቡ ብቻውን በበቃ። ጋዜጦቹም ባዕድ፣ ሥርዓት አጥፊ እያሉ ስድብ አወረዱበት።

በማግሥቱ ዓመት የባቡር ሠረገላ ሠሪው የፑልማን ኩባንያ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ አገረ ገዥውን ሳያስፈቅድ ወደ ቺካጎ ጦር ሰደደ። አልትጌልድ የግዛቴ ጦር ያንሳል ወይ ብሎ ተከራከረ፤ የሰማው ግን አልነበረም። በ1896 ምርጫ በጆን ታነር ተሸነፈ፤ በሹመቱ ርክክብ ዕለትም የስንብት ንግግር እንዳያደርግ ተከለከለ። ያቆመው 16 ፎቅ ሕንፃም ከእጁ ወጣ።

በማርች 1902 በጆሊየት ከተማ እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ ትወጋቸው ስለ ነበሩት ስለ ቦየሮች ተናግሮ እንደ ጨረሰ ወደቀ፤ በማግሥቱም ሞተ። ዕድሜውም 54 ነበር። በቀብሩ ላይ ጠበቃው ወዳጁ ክላረንስ ዳሮው ተናገረ፤ የተቀበረውም በቺካጎ በግሬስላንድ መካነ መቃብር ነው።