ቀጥ ያለው መስመርና የጎበጠው መስመር



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። በወጣትነቴ በወለጋ በአንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ የእጅ ባትሪ አምፖልን ለክቶ ግራፍ ሠርቶ አቀረበልኝ። ቮልቴጁ በአግድሙ ዘንግ፣ ጅረቱ በቁመቱ ዘንግ ላይ ነበር። መስመሩ ሽቅብ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይጎብጣል። እኔም «የኦም ሕግ ቀጥ ያለ መስመር ነው» ብዬ በቀይ ቀለም ሰረዝኩበት። ልጁ ግን ያሰመረው የለካውን ነበር።

ጌኦርግ ኦም ራሱ ቢያየው ኖሮ አይሰርዝበትም ነበር። በኮሎኝ ከተማ መምህር ሳለ በመጀመሪያ የሠራበት የቮልታ ባትሪ ኃይሉ እየዋዠቀ አስቸገረው። እ.ኤ.አ. በ1826 ግን በፖገንዶርፍ ምክር ቢስመዝንና መዳብን አጋጥሞ፣ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ አሙቆ፣ ሌላውን በበረዶ አቀዝቅዞ የማይናወጥ ምንጭ አገኘ። ሕጉን በ1827 በመጽሐፍ ቢያወጣም በአገሩ ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ የሸለመው በ1841 ነው።

ሕጉ ቀጥ የሚለው የሽቦው ሙቀት ሳይለወጥ ሲቀር ነው። የአምፖል ክር ግን እየበራ ይግላል፤ ሲግል ሬዚስታንሱ ቀዝቃዛ ከነበረበት አሥር እጥፍ ያህል ይጨምራል። ጉብጠቱ የግለቱ ምስክር ነው። ይኸው ጠባይ ለመልካም ነገርም ውሏል። በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ የሚገኘው ፕላቲኒየም ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል፤ በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም የሆነ የፕላቲኒየም ሽቦ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 138.5 ኦም ያህል ስለሚሆን ሙቀት ይለካበታል።

ከዚህም የባሰ ቀጥተኛነትን የጣሰ አለ። ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1874 አንዳንድ የሰልፋይድ ማዕድናት ጅረትን በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ፣ በተቃራኒው ግን በጭንቅ እንደሚያሳልፉ አስታወቀ። ያ ጠባይ ዛሬ ዳዮድ በምንለው ውስጥ ይኖራል፤ የዳዮድ ዘመድ የሆነው የፀሐይ ፓነልም እንዲሁ ነው። የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኃይል ቢያመነጭም፣ መስመር ባልደረሰበት የወለጋ መንደር ማታ የሚበራው ከዚህ ፓነል ነው። የፓነሉ ግራፍ ለረጅም ርቀት እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ድንገት እንደ ገደል ይወርዳል፤ ከፍተኛው ኃይል የሚገኘው በገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ይህን ያላየ ባለሙያ ፓነሉን ካልተመጣጠነ ባትሪ ጋር አገናኝቶ የገበሬውን ገንዘብ ያባክናል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ቀመር በቃል ይያዛል፤ ግራፍ ግን ይለካል። የለካችሁት ከመጽሐፉ ጋር ባይስማማ አትሰርዙት፤ ምክንያቱን ጠይቁ። መምህራንም ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣታችን በፊት መለኪያውን እናንሣ። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ነጥቡ ግን እስከ ዛሬ ዕዳዬ ነው።