የፓርከርስበርግ ውሃ፦ ማን መረመረው? ማንስ ውጤቱን ያዘው?

በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር በምትገኘው ፓርከርስበርግ ከተማ አቅራቢያ ያለው የዱፖንት ኩባንያ ፋብሪካ ሲ8 የሚባለውን ኬሚካል ለቴፍሎን ምርት መጠቀም የጀመረው በ1951 ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉዳዩን የሚተርኩ ብዙዎች ታሪኩን የሚጀምሩት ከ1999 ነው፤ ከብቶቹ ያለቁበት አንድ አርቢ በጠበቃው በሮበርት ቢሎት በኩል ኩባንያውን ከከሰሰበት ዓመት። መዛግብቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናነብ ግን የመጠጥ ውሃው ምርመራ ከዚህ ክስ በ15 ዓመት እንደሚቀድም እንረዳለን።

በክርክሩ ሂደት ለጠበቃው ከተሰጡት የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች እንደሚታየው፣ በ1984 የኩባንያው ሠራተኞች በዚያው በዌስት ቨርጂኒያ ባለችው ሉቤክና ከወንዙ ማዶ በኦሃዮ ግዛት ባለችው ሊትል ሆኪንግ ካሉ ሱቆች የቧንቧ ውሃ ቀድተው አስመረመሩ፤ ሲ8ም ተገኘ። ውጤቱ ግን ውሃውን ለሚጠጣው ሕዝብ አልተነገረም። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ስለ ኬሚካሉ ምንም የማያውቅ አልነበረም። በ1961 የራሱ የመርዝ ጥናት ባለሙያዎች ኬሚካሉ የእንስሳትን ጉበት እንደሚያሳብጥ ጽፈው ነበር፤ በ1981 ደግሞ ከሴት ሠራተኞቹ ከተወለዱ 7 ሕፃናት መካከል 2ቱ የዓይን ጉድለት እንደነበረባቸው ተመዝግቧል። ሰባት ልደት ለሳይንሳዊ ድምዳሜ እጅግ ጥቂት መሆኑን አንዘነጋም፤ ሆኖም ለጥንቃቄ የሚያንስ ምክንያት ነበር ብለን አናምንም።

ሁለቱ ወገኖች የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው በሰው ላይ የተረጋገጠ ጉዳት የለም፣ የጣስነውም ሕግ የለም ይላል፤ ከሳሾች አውቆ ደበቀ ይላሉ። የ1974ቱ የመጠጥ ውሃ ሕግ ለሲ8 ወሰን እንዳላወጣለት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ኩባንያው ራሱ በ1991 ለአካባቢው ውሃ ከቢሊዮን 1 እጅ የሆነ የውስጥ ወሰን ማበጀቱ፣ ነገሩ አላሳሰበውም ከሚለው ንባብ ጋር አይታረቅም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ኩባንያውን ስለ አደጋው የሚያውቀውን አላሳወቀም ሲል በ2004 ከሰሰው፤ ጉዳዩ በቀጣዩ ዓመት በ16.5 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ። ኩባንያው በስምምነቱ ጥፋተኝነትን ስላላመነ፣ ይህን ገንዘብ የጥፋት ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ተገቢ አይደለም፤ ሰነዶቹ በራሳቸው በቂ ናቸው።

ነዋሪዎቹ ራሳቸው ስለ ሲ8 በጽሑፍ የተነገራቸው በ2000 መገባደጃ፣ የሉቤክ ውሃ አገልግሎት ለደንበኞቹ በላከው ደብዳቤ ነው። ቢሎት በመጋቢት 2001 ለፌዴራሉ ኤጀንሲ 972 ገጽ ማስረጃ ላከ፤ በዚያው ዓመትም የነዋሪዎቹ የጋራ ክስ ተመሠረተ። በ2002 ደግሞ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ከኩባንያው ጋር ባደረገው ስምምነት የተቋቋመ የባለሙያዎች ቡድን ለውሃው ከቢሊዮን 150 እጅ የሆነ ወሰን አወጣ፤ ይኸውም ኩባንያው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለራሱ ካበጀው 150 ጊዜ የላላ ነው። መርማሪው፣ ወሰን አውጪውና ተመርማሪው ይህን ያህል በተቀራረቡበት ሁኔታ የቁጥሩን መስፋት በሳይንሱ አለመብሰል ብቻ ለማስረዳት እንቸገራለን።

የነዋሪዎቹ የጋራ ክስ በ2004 የተቋጨበት ስምምነት ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ከፈተ። ለተበከሉት የውሃ አገልግሎቶች የካርቦን ማጣሪያ ተገጠመላቸው፤ 69,000 ገደማ ነዋሪዎች ደማቸውን ሰጡ፤ ሁለቱም ወገኖች የተስማሙባቸው ሦስት የኤፒዲሚዮሎጂ ሊቃውንትም ተመረጡ። በነዋሪዎቹ ደም የተገኘው የሲ8 መካከለኛ መጠን በሚሊሊትር 28 ናኖግራም ገደማ ሲሆን፣ በጊዜው በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ የተለመደው 4 ገደማ ነበር። ሊቃውንቱ እስከ 2012 ባወጡት ውጤት ሲ8 ከስድስት ሕመሞች ጋር ዝምድና ያለው መሆኑ ከሌለው ይልቅ ያመዝናል አሉ፦ የኩላሊትና የዘር ፍሬ ካንሰር፣ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ የእርግዝና ደም ግፊትና የኮሌስትሮል መብዛት። ለሌሎች ብዙ ሕመሞች ግን ይህን ዝምድና አላገኙም፤ ለሁለቱም ወገን የማይመች ውጤት ማውጣታቸው በእኛ ዘንድ ምስክርነታቸውን ያጠነክረዋል። በ2017 ከ3,500 በላይ የግል ክሶች በ671 ሚሊዮን ዶላር ተቋጩ።

በሚያዝያ 2024 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለሚገኝ ሲ8 አስገዳጁን ወሰን ከትሪሊዮን 4 እጅ አደረገው፤ ከ2002ቱ 37,500 ጊዜ የጠበቀ መሆኑ ነው። በግንቦት 2025 ደግሞ ቁጥሩን እንዳለ ይዞ፣ የውሃ አገልግሎቶች እንዲያሟሉት የተሰጣቸውን ጊዜ ከ2029 ወደ 2031 ለመግፋት ማሰቡን አስታወቀ።